የጋሽ ናሆም ቁሌት

ሥራዬ ወጥ ቤት ማሸግ ነው። ሰው ሲሰማ ፊቱ ይቀየራል እንጂ ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። ሰባት ቀን ሙሉ ምንም ያልተበሰለበት ምድጃ «የተተወ» ይባላል። የተተወውን ምድጃ ከግድግዳው እፈታለሁ፣ ፍሪጁን እዘጋለሁ፣ በሩ ላይ ግራጫውን ማሸጊያ እለጥፋለሁ፣ የቤቱን ሰው ለጋራ ማዕድ አስመዘግባለሁ። ከዚያ በኋላ ትሪው በየቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ይቀመጣል። ማክሰኞ ድንች ነው። ደሴም ማክሰኞ ድንች ነው፣ ጅግጅጋም ማክሰኞ ድንች ነው።

ትሪውን የሚያማ ሰው ይሰለቸኛል። እኔም የምበላው ትሪ ነው። ለብ ያለ ነው፣ ያጠግባል፣ ሳህን አያሳጥብም። ምድጃዬ የነበረበት ጥግ ላይ አሁን ብስክሌቴ ቆማለች፤ ግድግዳው ላይ አራት የብሎን ቀዳዳዎች ቀርተዋል፣ ብሎኖቹን የፈታሁት እኔው ነኝ።

የእሳት ድርሻ የመጣው እኔ ልጅ ሳለሁ ነው። እያንዳንዱ ቤት በየወሩ ተሰፍሮ ይሰጠዋል። የሚቆጠረው ደግሞ ምድጃው የሚፈጀው ብቻ አይደለም። ለሽንኩርቱ ቆቦ ላይ ውሃ የሳበው ፓምፕ፣ ሽንኩርቱን ያመጣው መኪና፣ ሽንኩርቱ የሰነበተበት ቀዝቃዛ መጋዘን፣ ጤፉን የፈጨው ወፍጮ፣ ሁሉም ጢስ አለው፤ ጢሱ ሁሉ ከበላተኛው ድርሻ ላይ ይቀነሳል። ጢስ እንላለን እንጂ በዓይኑ ጢስ ያየ ሰው እየጠፋ ነው። ገበያ ስትወጡ ሻጮቹ «ይሄ ጎመን ቀላል ነው፣ እዚሁ ከጦሳ ተራራ ሥር ነው የመጣው» ይላሉ። ቀላል ማለት ጢሱ ትንሽ ነው ማለት ነው።

በየበሩ ራስ ላይ አንዲት መብራት አለች። ድርሻው ያለው አረንጓዴ፣ ሊያልቅበት የደረሰ ቢጫ፣ የጨረሰ ቀይ ይበራለታል። ቀይ ከበራ ምድጃው እስከ ወሩ መጨረሻ አይሠራም። የሚያፍሩ ሰዎች መብራቷ ላይ ኮፍያ ይሰቅላሉ። ክልክል ነው፣ ግን ኮፍያ አውልቄ አላውቅም።

ሕጉን አልሰድበውም። በልግ ለዓመታት ጠፍቶ ሰው ሲሰደድ ያየች እናት አለችኝ። አሁን በልግ ይዘንባል። በእሳት ድርሻ ይሁን በሌላ ምክንያት እኔ አላውቅም፣ ግን ይዘንባል። እናቴ ዝናቡ ሲጀምር ምድጃችን የነበረበትን ጥግ ታይና «እንግዲህ» ትላለች። ሌላ ነገር ብላ አታውቅም።

ባለፈው ማክሰኞ የተላክሁት ሰኞ ገበያ ጀርባ ካለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ዓይኔ ወደ መብራቶቹ ሄደ። ከዳር እስከ ዳር ቀይ ናቸው። ወሩ ሊያልቅ ከሳምንት በላይ ይቀረዋል፤ አንድ ፎቅ እንዳለ አብሮ ቀይ ሲሆን እኔ አይቼ አላውቅም። ሰርግ ነበራቸው ወይስ አብደዋል አልኩ በሆዴ። አንድ በር ብቻ አረንጓዴ ነው። ላሽግ የመጣሁት እሱን ነበር።

በሩ ገርበብ ብሏል፣ ደፉ ላይ ጫማ ተደርድሯል። ይሄኔ ነው የገባኝ። ለቅሶ ቤት ነው።

ውስጥ ፍራሽ ተነጥፏል። ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት አሮጊት ጥቁር ለብሰዋል። እትዬ ኤልዳና ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። እናቴ እንደምትለው ኤልዳና ዱሮ የሕፃን ስም ነበር፤ ዛሬ የሰፈሩ አሮጊት ሁሉ ኤልዳናና ሶልያና ሆኗል።

«ፈጣሪ ያጥናዎት እትዬ» አልኩ።

«አሜን፣ ልጄ። ነይ ቁጭ በይ» ብለው ፍራሹ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። «ናሆምን የት ታውቂው ነበር?»

ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ምን ብዬ ልጀምር? መፍቻው ቦርሳው ውስጥ ተንቀጫቀጨ።

«ኢክራም እባላለሁ» አልኩ። «ከምድጃ ክፍል ነው የመጣሁት።»

አጠገባቸው የነበሩት ጎረቤታቸው እትዬ ሂክመት የያዙትን የውሃ ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጡ። «ምን ልታደርጊ?»

«ምድጃው አሥር ቀን አልበራም። ሕጉ የሚለው ሰባት ነው፤ አሁን ለቅሶ ቤት መሆኑን ስላየሁ ሦስት ይጨመራል። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ይሞላል።»

«ኧረ እናትዋ! ለቅሶ ቤት እኮ ነው!»

በወንዶቹ በኩል የተቀመጡት ረጅም ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ አቤኔዘር ናቸው። ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ ልክ ስብሰባ ላይ እንዳሉ፣ «ለቅሶ ቤት እሳት አይነድም» አሉኝ። «ይሄን የማያውቅ አለ? ጎረቤት እያበሰለ ያመጣል። ልጅ የላት፣ ዘመድ የላት፤ እስከ አሥራ ሁለተኛው ቀን ኤልዳና ወጥ ቤት እንዳትገባ ብለን ወስነን ተራ አወጣን። እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

«ማስጠንቀቂያ ደርሷችሁ ነበር ጋሼ። ሦስት ጊዜ ተልኳል።»

«ለማን?»

መልሱን ሳውቀው አፈርኩ። «ምድጃው በስማቸው ለተመዘገበው። ለአቶ ናሆም ስልክ።»

እትዬ ኤልዳና ቁም ሳጥኑ ላይ በጥቁር ሻሽ ተጠቅልሎ ወደተቀመጠው የባላቸው ስልክ አዩና «እሱ ድሮም ስልክ አያነሳም» አሉ። እንባ የለም። በኋላ እትዬ ሂክመት እንደነገሩኝ ከቀብሩ ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ አላለቀሱም ነበር። ሰዉ ሁሉ ያንን ነበር የፈራው።

እትዬ ሂክመት ግን ጉንጫቸውን ይዘው ይወዛወዙ ጀመር። «እኔ ነኝ! ባለፈው ሐሙስ ሽሮ ልሥራ ብላ ስትነሳ እጇን ይዤ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ! ተይ፣ ነውር ነው፣ ሰው ምን ይለናል ብዬ!»

አሥር ቀን ሙሉ ይህች ሴት ምድጃዋን እንዳትነካ ፎቁ በሙሉ ተራ ገብቶ ጠብቋታል። እኔ በዚህ ሥራ ላይ በቆየሁበት ጊዜ ወጥ ቤት በስንፍና ሲዘጋ፣ በስደት ሲዘጋ፣ በፍቺ ሲዘጋ አይቻለሁ። የእኔው በፍቺ ነው። በደግነት ሲዘጋ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ጋሽ አቤኔዘር ተነሱ። «ቀላል ነው፤ አሁኑኑ አብርቼው እመጣለሁ።»

«አይበራልዎትም ጋሼ። የሚያውቀው የባልና ሚስቱን እጅ ብቻ ነው። ባዶ ድስትና ውሃም አይቆጥርም፤ ሰዉ ውሃ እያፈላ ሲያታልለው ጊዜ ለመደ።» ወደ እትዬ ኤልዳና ዞርኩ። «እርስዎ አንድ የሚበላ ነገር ያብስሉ እንጂ እኔ እስከ አሥር ሰዓት እጠብቃለሁ። ከዚያ ቦርሳዬን ይዤ እሄዳለሁ፣ ተመልሼም አልመጣም።»

«ወጥ ቤቱ የሱ ነው» አሉ።

«አውቃለሁ እትዬ፣ ግን...»

«የሱ ነው አልኩሽ። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ የዚያን ክፍል ደፍ የረገጥኩት ሳህን ልመልስ ነው። ልርዳህ ስለው ‹አንቺ ደብተርሽን አርሚ› ይለኛል። ይዘጋ። ለአንድ ሆድ ምን ምድጃ ያስፈልገዋል? ትሪው ይበቃኛል።»

ሰው እንዲህ ካለ በሕጉ መጠበቅ አይጠበቅብኝም። ተነስቼ ወደ ወጥ ቤቱ ገባሁ። ጠባብ ነው፣ ግን እንዲህ ያለ ወጥ ቤት ካየሁ ቆይቻለሁ። ማማሰያዎቹ በቁመታቸው ተሰቅለዋል፣ ከመክተፊያው መሐል አንድ ጎድጓዳ ቦታ ከብዙ መክተፍ ተበልቷል። መጀመሪያ የሚዘጋው ፍሪጁ ስለሆነ ከፈትኩት። ከአንድ ጠርሙስ በቀር ባዶ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ እስከ ግማሹ ድረስ ጥቁር ቀይ ነገር አለ። አውጥቼ ወደ ብርሃን ሳነሳው፣

«እሱን አትንኪው!»

እትዬ ኤልዳና ደፉ ላይ ቆመዋል። ጠርሙሱን ከእጄ ነጥቀው ደረታቸው ላይ ያዙት።

«ምንድን ነው?»

«ቁሌት ነው።»

ቁሌት ምን እንደሆነ የማታውቁ ልጆች ትኖሩ ይሆናል። ሽንኩርቱ ደቅቆ ይከተፍና ዘይት ሳይገባበት፣ በጠብታ ውሃ ብቻ እየተረዳ፣ ሟሙቶ እስኪጠፋ ይቁላላል፤ ከዚያ በርበሬው ይገባና ጥሬ ጥሬው እስኪለቀው ደግሞ ይቁላላል። ግማሽ ቀን ይወስዳል። ከሚበላ ነገር ሁሉ ጢሱ የሚከብደው እሱ ነው። ለዚህ ነው የጠፋው። ማንም አልከለከለውም፤ ድርሻው የሚችለው ሰው ጠፋ እንጂ።

ጋሽ ናሆም ግን የአውቶቡስ ተራ ሆቴል ወጥ ሠሪ ነበሩ። ሆቴሉ ወደ ትሪ ሲገባ እሳቸው ወደ ቤታቸው ገቡ። በወር አንድ ጊዜ፣ ቀሪውን ወር ቅንጬና ሽሮ እየበሉ ባጠራቀሙት ድርሻ፣ አንድ ድስት ቁሌት ይሠሩና ጠርሙስ ውስጥ ያኖሩታል። ከዚያ ለየወጡ አንድ አንድ ማንኪያ ነው። እትዬ ሂክመት እንዳጫወቱኝ በዚያን ቀን ከላይም ከታችም ፎቅ ያሉት ትሪ በላተኞች ትሪያቸውን ይዘው ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ይበሉ ነበር፤ ሽታው የነፃ ነው ብለው። ጋሽ ናሆም አንድ ክፉ አመል ብቻ ነበራቸው። እንዳይበላሽ እያሉ ቁሌቱ ውስጥ ጨው ያበዛሉ። ባልና ሚስቱ አርባ ዓመት የተጣሉት በጨው ብቻ ነው አሉኝ።

«የመጨረሻው ነው» አሉ እትዬ ኤልዳና። «በሞተበት ሳምንት የሠራው።»

«ፍሪጁ ከተዘጋ ይበላሻል እትዬ።»

«አልከፍተውም። አልበላውም። ይኑር ብቻ።»

«አይኖርም» አልኩ። እንዲህ ማለቴ ጨካኝ ያስመስለኛል፣ ግን እውነቱ ያ ነበር። ቁሌት በመስኮት ላይ አይኖርም። ፍሪጁ እንዳይዘጋ ደግሞ ምድጃው መንደድ አለበት። እሳቸውም ይሄን አሳምረው ያውቃሉ፣ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ጠርሙሱን ታቅፈው ወደ ፍራሻቸው ተመለሱና ተቀመጡ። እኔም መፍቻዬን ባወጣውም እጄ እንቢ አለኝ። ገና ስድስት ሰዓት ነው፣ አሥር ሰዓት ድረስ ጊዜ አለኝ አልኩና ተመልሼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ ሂክመት ወጥተው በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሰፌድ ይዘው ገቡ። እንደ ድግስ ምግብ በጥንቃቄ ነው የያዙት። ጨርቁ ሲገለጥ የበሶ ጭብጦ ነው። እኩል እኩል ሆኖ፣ ክብ ክብ ሆኖ፣ መሐሉ ላይ ጥቁር አዝሙድ ተነስንሶበታል።

«ዛሬ በሶ አማረንና» አሉ።

«ትናንትም በሶ ነበር» አሉ እትዬ ኤልዳና።

«ትናንትም አምሮን ነበር።»

ጋሽ አቤኔዘር ወደ መስኮቱ ዞሩ። በሶ እሳት አይፈልግም። የተቆላ ዱቄት በውሃ መለወስ ነው፣ ምድጃው የተቆለፈበት ሰውም ይሠራዋል። ኮሪደሩን ሳልፍ ያየኋቸው ቀይ መብራቶች ትዝ አሉኝ። እነዚህ ሰዎች ለአንድ ለቅሶ ቤት የወር ድርሻቸውን በሙሉ አብስለው ጨርሰዋል። ምድጃ ስላላቸው ትሪ አይመጣላቸውም። ምድጃቸው ስለተቆለፈ ማብሰል አይችሉም። በሶውን ለእትዬ ኤልዳና አሳምረው ያመጣሉ፤ እነሱ የሚበሉትም ያንኑ ነው፣ ምናልባትም ከዚያ ያነሰ።

የእኔ ሥራ አልነበረም። ግን አፌን መያዝ አልቻልኩም።

«እትዬ ኤልዳና፣ ከቀብር ከተመለሱ ወዲህ ከበሩ ወጥተዋል?»

«ሐዘንተኛ ወዴት ይወጣል?»

«እስቲ አንድ ጊዜ ወጣ ብለው የበሮቹን መብራት ይዩ።»

እትዬ ሂክመት በዓይናቸው ሊበሉኝ ደረሱ። «አንቺ ልጅ፣ ለማሸግ መጣሽ ወይስ...»

እትዬ ኤልዳና ግን ተነስተዋል። ጠርሙሱን እንደታቀፉ፣ በነጠላ ጫማቸው እየተጎተቱ ደፉ ላይ ቆሙ። ወደ ግራ አዩ። ወደ ቀኝ አዩ። ከዚያ አንገታቸውን አቅንተው የራሳቸውን አዩ። አረንጓዴ።

«ሂክመት፣ ያንቺ መቼ ነው ቀይ የሆነው?»

«ተይው እናትዋ፣ ግቢ።»

«መቼ ነው አልኩሽ።»

«ዓርብ።»

«ዓርብ! የልጅ ልጆችሽስ ምን እየበሉ ነው?»

«በሶ ይወዳሉ» አሉ እትዬ ሂክመት፣ ድምፃቸው ወርዶ። «አብሽሪ፣ ወሩ ሊያልቅ ነው።»

እትዬ ኤልዳና ኮሪደሩን እንደገና ከዳር እስከ ዳር አዩት። ሲቆጥሩ አይቻለሁ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ ዞረው ጋሽ አቤኔዘርን ጠሩ።

«አቤኔዘር፣ የእድሩን ድስት አምጣ።»

«የትኛውን?»

«ትልቁን።»

«ኤልዳና፣ እሱ እኮ ለለቅሶ ቤት ነው።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

ሐዘንተኛ ለአልቃሽ ሲያበስል የሚል ነገር በእድሩ ደንብ ውስጥ የለም። ቢሆንም ጋሽ አቤኔዘር ሄደው ድስቱን ተሸክመው መጡ።

ምስር ከቁም ሳጥኑ ወጣ፣ ከየቤቱም ተጨመረ። እትዬ ኤልዳና ምስሩ እንዴት እንደሚታጠብ እትዬ ሂክመትን ጠየቁ፤ ውሃው ስንት እንደሚሆን ጠየቁ፤ ማማሰያው የትኛው እንደሆነ ግን አልጠየቁም፣ ቀጥታ ሄደው አንዱን አወረዱ። ምድጃው ላይ እጃቸውን ሲያሳርፉ ምንም አልሆነም። እጃቸውን ጥለው ጠበቁ። ምድጃው የሳቸውን እጅ ከመዘገበ ወዲህ አግኝቶት አያውቅም፣ ለማስታወስ ጊዜ ፈጀበት። ከዚያ በራ። እትዬ ሂክመት እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላቸው በእጃቸው ያዙት።

ጠርሙሱ ቀረ። እትዬ ኤልዳና ክዳኑን ይዘው ቆሙ። ምስሩ ፈልቶ ይንተከተካል፣ ማንም ቶሎ በይ አላላቸውም። እኔ በበኩሌ መሬት መሬት አየሁ፤ እዚያች ክፍል ውስጥ መፍቻ ይዤ መቆሜ ራሱ ነውር መስሎ ተሰማኝ።

ከፈቱት። መጀመሪያ አንድ ማንኪያ ጨመሩ። ድስቱን አዩት፣ ኮሪደሩን የሞላውን ሰው አዩት። ከዚያ ጠርሙሱን ዘቅዝቀው በማንኪያው ጀርባ እስከ ታች ጠረጉት፣ ውሃ ጨምረው አለቀለቁት፣ እጣቢውንም ድስቱ ውስጥ ደፉት። ባዶውን ጠርሙስ መደርደሪያው ላይ፣ ቦታው ላይ መለሱት።

ሽታው ወጣ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ዕድሜዬን በሙሉ የምበላው ነገር ሽታ እንደሌለው ያወቅሁት በዚያች ቅጽበት ነው። የላይኛው ፎቅ በሮች ሲከፈቱ ተሰማ። አንዱ ትሪ በላተኛ ከምሳ የተረፈ ድንቹን ይዞ ከደረጃው ላይ «ጋሽ ናሆም ነው?» ብሎ ጠየቀ፣ የጠየቀው ነገር ሲገባው ደንግጦ አንገቱን ደፋ።

«አዎ፣ እሱ ነው» አሉ እትዬ ኤልዳና። «ሳህን ይዘህ ና።»

እንጀራው የጋራ መጋገሪያው ነው፣ ቀዝቃዛ። ማንም ግድ አላለውም። ሰዉ ከነሳህኑ ፍራሹ ላይ፣ ደፉ ላይ፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ግን ማንም አልጀመረም፤ ሐዘንተኛዋ ይቅመሱ ተብሎ ይጠበቃል። እትዬ ኤልዳና ትንሽ ቆርሰው አጥቅሰው ጎረሱ። እሳቸው ጨው አልጨመሩም፤ እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፣ አንድ ቅንጣት አልጨመሩም።

አኘኩ። ማኘካቸውን አቆሙ።

«ጨው አብዝቷል» አሉ።

ሁልጊዜ እንደሚሉት ነው ያሉት፣ ወደ ወጥ ቤቱ ዞረው፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው። መልስ አልመጣም። ያኔ አለቀሱ። አሥር ቀን የተጠራቀመው ሁሉ መጣ፤ ጮኸው፣ ስሙን እየጠሩ፣ እጃቸው ወጥ እንደነካ። እትዬ ሂክመት አቅፈዋቸው አብረው አለቀሱ። የቀረውም ሰው አለቀሰ፣ የደረጃው ሰውዬም ከነድንቹ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ጋሽ ናሆምን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም።

ከግድግዳው በኩል ድርሻውን የሚቆጥረው ቆጣሪ ጠቅ አለ። ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል ትንሽ ያልፍ ነበር። የበሩ መብራት ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ተለወጠ፤ ያን ያህል ድስት ቀላል አይደለም። የምድጃው ጉዳይ ግን አልቋል፣ የተተወ አይደለም።

ለቅሶው በረድ ሲል የድስቱ ትርፍ መንተክተኩን ቀጥሏል። ጋሽ አቤኔዘር ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ሊያጠፉት ወደ ወጥ ቤቱ ገቡ።

«ተወው» አሉ እትዬ ኤልዳና ከፍራሹ ላይ እየተነሱ። «ወጥ ቤቴ ነው፣ እኔ አጠፋዋለሁ።»

ጋሽ አቤኔዘር ወደ ኋላ አሉና መንገድ ለቀቁላቸው። እኔ መፍቻውንም ማሸጊያውንም ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ከድስቱ ልቀምስ እጄን ልታጠብ ተነሳሁ።